ፊደሉን ተቀብለው እምነታቸውን ያጸኑ ደሴቶች

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከለንደንና ከቦስተን ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጡት ፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ወንጌል ወዳልደረሰበት አገር አልሄዱም። የሄዱት ሐዲስ ኪዳን በተጻፈበት ቋንቋ ወደሚቀድስ ሕዝብ ነበር። ቆጵሮስን ጳውሎስና በርናባስ እንደሰበኩባት የሐዋርያት ሥራ ይመሰክራል። የኮርፉ ሰዎች የከተማችን ጠባቂ ብለው የሚያከብሩት ቅዱስ ስጲሪዶን ደግሞ በኒቅያ ከተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት እንደ አንዱ የሚቆጠር የቆጵሮስ ጳጳስ ነው። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ክርስትናን ሊያስተምር የተነሣ ሰው ምን ይዞ ይመጣል? ሕዝቡስ ከሚቀርብለት ምኑን ይቀበላል፣ ምኑንስ ይመልሳል?

ጉዳዩን የሚያወሳስበው የገዥው ማንነት ነው። ከ1815 እስከ 1864 የኢዮኒያ ደሴቶች፣ ከ1878 እስከ 1960 ደግሞ ቆጵሮስ በእንግሊዝ ሥር ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገዥው ፕሮቴስታንት፣ ተገዢው ኦርቶዶክስ ሆኖ ሳለ ሚስዮኑ በባንዲራው ጥላ ሥር ይስፋፋል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። የግሪክ ፕሮቴስታንቶች ቁጥር በሁለቱም ቦታ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ቀረ። ትምህርት ቤቶቹ፣ መዝገበ ቃላቱና የታተሙት መጻሕፍት ግን ከሰባኪዎቹ ዕድሜ አልፈው ኖሩ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሦስት ወገኖች አሉ። ሚስዮናውያኑ ራሳቸው በጻፏቸው ዘገባዎች ታሪኩ በጨለማ ላይ የበራ መብራትና መብራቱን ለማጥፋት የተነሡ ካህናት ትግል ነው። ለቤተ ክርስቲያን በወገኑ ጸሐፊዎች ዘንድ የበግ ለምድ የለበሱ ተኩላዎች ወረራ ነው። የቅኝ ግዛትን ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንት ደግሞ ሚስዮኑን የገዥው መንግሥት ለስላሳ እጅ አድርገው ያዩታል። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት ይዘዋል። ይሁን እንጂ ሦስቱም የደሴቶቹን ሰው ወይ ተቀባይ ወይ ተጠቂ ያደርጉታል። ማስረጃው አንድ ላይ ሲታይ የሚወጣው ሥዕል ከዚህ ይለያል። የደሴቶቹ ሰዎች መራጮች ነበሩ፤ ትምህርቱን ከእምነት ለውጡ ለይተው ወሰዱ። የእንግሊዝ ባንዲራም ሚስዮኑን ከረዳው ይልቅ ያሰናከለው ይበልጣል።

ባዕድ ገዥን የለመዱ አማኞች

ኮርፉ፣ ፓክሶስ፣ ሌፍካዳ፣ ኢታካ፣ ኬፋሎኒያ፣ ዛንቴና ኪቲራ ሰባቱ የኢዮኒያ ደሴቶች ይባላሉ። አብዛኞቹን ለረጅም ዘመን የገዛቻቸው ቬኒስ ናት፤ ኮርፉን ብቻዋን ከአራት መቶ ዓመት በላይ ይዛታለች። ቬኒስ በ1797 ስትወድቅ ፈረንሳይ፣ ቀጥሎ የሩሲያና የቱርክ ጥምረት፣ እንደገናም ፈረንሳይ ተፈራረቁባቸው። በመጨረሻ በኅዳር 1815 በፓሪስ የተፈረመው ውል ደሴቶቹን በእንግሊዝ ንጉሥ ጥበቃ ሥር አደረጋቸው። በወረቀት ላይ ነፃ መንግሥት ነበሩ፤ በተግባር ግን ሥልጣኑ ከለንደን በሚላከው ከፍተኛ ኮሚሽነር እጅ ነበር።

ሚስዮናውያኑ ብዙም ያላጤኑት ነገር የቬኒስ ዘመን በሕዝቡ ላይ የተወው ትምህርት ነው። በካቶሊኩ ገዥ ዘመን የኮርፉ ኦርቶዶክሳውያን የራሳቸው ሊቀ ጳጳስ አልነበራቸውም፤ ፕሮቶፓፓስ በሚባል የካህናት አለቃ ይተዳደሩ ነበር። መንበሩ የተመለሰው ቬኒስ ከወደቀች በኋላ ነው። በቆጵሮስም ከ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 1571 የነገሡት ላቲኖች ኦርቶዶክሱን ጳጳስ ከካቶሊኩ በታች አስቀምጠውት ነበር። ሁለቱም ሕዝቦች ግን ኦርቶዶክስ ሆነው ወጡ። እምነቱ የተለየ ገዥን ማክበር፣ ከእርሱ ጋር መነገድ፣ ልጅን በትምህርት ቤቱ ማስተማር፣ ቤተ ክርስቲያንን ግን አለመልቀቅ በትውልድ ብዛት የተካነ ጥበብ ሆኖ ነበር። እንግሊዛዊው ሰባኪ ሲመጣ የጠበቀው ይህ ጥበብ ነው።

የመጀመሪያው ከፍተኛ ኮሚሽነር ሰር ቶማስ ሜትላንድ ደግሞ ሃይማኖትን የሚያየው በጸጥታ ዓይን ነበር። በ1817 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ሃይማኖትን የደሴቶቹ ሃይማኖት አድርጎ አጸና። መንግሥት ከካህናቱ ጋር ጠብ አይፈልግም፤ የደሴቶቹን መኳንንት ማስቀየምም አይፈልግም። በዚህ ላይ የፓርጋ ጉዳይ ተጨመረ። ከደሴቶቹ ትይዩ በየብስ ያለችውን ይህችን የክርስቲያኖች ከተማ እንግሊዞች በ1819 ለኦቶማኑ ገዥ ለዓሊ ፓሻ አሳልፈው ሰጡ፤ ነዋሪዎቿም የአባቶቻቸውን አፅም ከመቃብር አውጥተው አቃጥለው ወደ ኮርፉ ተሰደዱ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝን ቃል በጥርጣሬ የሚሰማ ሰው በየደሴቱ በዛ። ሚስዮናዊው ቃለ እግዚአብሔርን ይዞ ሲመጣ ይህን ጥርጣሬ በውርስ ተቀበለ።

የማልታ ማተሚያ ቤቶች

የሥራው እምብርት ግን ከደሴቶቹ ውጭ፣ በማልታ ነበር። ማልታ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ ሕዝቧ ደግሞ ጽኑ ካቶሊክ ነበር። መንግሥት የማልታን ሕዝብ የሚነካ የፕሮቴስታንት ጽሑፍ እንዳይሠራጭ አጥብቆ ይከላከል ነበር፤ ለሌላ አገር የሚላክ ከሆነ ግን ማተምን ፈቀደ። ስለዚህ የለንደን ሚስዮን ማኅበር፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር (ሲ.ኤም.ኤስ.) እና የአሜሪካው የሚስዮን ቦርድ ማተሚያዎቻቸውን በዚህች ደሴት ተከሉ። ከእነዚህ ማተሚያዎች በግሪክኛ፣ በዐረብኛ፣ በጣልያንኛና በሌሎችም ቋንቋዎች መጻሕፍት ይወጡ ነበር። የለንደኑ ማኅበር ሰው ሳሙኤል ሸሪዳን ዊልሰን የጆን ቡንያንን የክርስቲያን ጉዞ ወደ ዘመናዊ ግሪክኛ መልሶ በ1824 በዚያው አሳተመ። አሜሪካዊው ዳንኤል ቴምፕል በ1822 ማተሚያ ይዞ ደረሰ፤ ማተሚያው በ1833 መጨረሻ ወደ ሰምርኔስ እስኪዛወር ድረስ ለሕፃናት የንባብ መጽሐፍ ጭምር ያትም ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ የቅርብ ዝምድና አለ። የሲ.ኤም.ኤስ. የመጀመሪያው የሜዲትራኒያን መልእክተኛ ዊልያም ጆዌት በ1815 ወደ ማልታ መጣ፤ ለግሪኮች ሥራ ሲዘጋጅም በኮርፉ ተቀምጧል። ይኸው ሰው በ1820 ወደ ካይሮ ወርዶ ጎጃሜው አባ አብርሃም፣ በብዙዎች ዘንድ አቡ ሩሚ የሚባሉት፣ የደከሙበትን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስላን ደ ሸርቪል በ1,250 ፓውንድ ገዛ። ከዚያ ትርጉም አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። በኋላ በትግራይና በጎንደር የሰበከው ሳሙኤል ጎባትም ከኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ በማልታ ሠርቷል። ስለዚህ ለግሪክ ደሴቶችና ለሐበሻ የታሰበው ሥራ አንድ ማኅበር፣ አንድ መነሻ፣ አንድ ዕቅድ ነበረው።

የዕቅዱ ሐሳብ እንዲህ ነው። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቅዱሳት መጻሕፍትን በሚሰሙት ቋንቋ ቢያነቡ ራሳቸውን በራሳቸው ያድሳሉ፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ማቆም ሳይሆን መጽሐፍና ትምህርት ማዳረስ ነው። የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች ይህን በቅንነት ያምኑበት ነበር። ካህናቱም በመጀመሪያ ቃላቸውን ተቀብለው በሮቻቸውን ከፈቱላቸው። አሜሪካውያኑ ፕሊኒ ፊስክና ሌዊ ፓርሰንስ በ1820 በኪዮስ ደሴት ለወራት ተቀምጠው ዘመናዊ ግሪክኛ ሲማሩ መምህራቸው ታላቁ ሊቅ ካህን ኔዎፊጦስ ቫምቫስ ነበር። በኮርፉም በ1819 የኢዮኒያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ሲመሠረት የአገሬው ሰዎች ተሳትፈውበታል።

ችግሩ ዕቅዱ ውስጥ የተቀበረ ነበር። እድሳት ማለት ምን ማለት ነው? ለሚስዮናዊው ሥዕልን ማክበር፣ ለቅዱሳን መጸለይ፣ ለሙታን መዘከር ሁሉ የሚታደሱ ነገሮች ነበሩ። ለአማኙ ደግሞ እነዚህ የእምነቱ አካል ናቸው። መጽሐፉን ብቻ ልስጥህ ያለው ሰው በልቡ ሌላ ፍጻሜ ይዟል ብሎ መጠርጠር የጀመረው ካህን አልተሳሳተም።

ትምህርት ቤቶቹ

ሥራው በእውነት ፍሬ ያፈራው በትምህርት ቤት ነው። ይህን ለመረዳት የአይዛክ ሎውንድስን ሕይወት መከተል ይበቃል። የለንደን ሚስዮን ማኅበር የላከው ይህ ሰው በ1816 ማልታ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ዛንቴ፣ በኋላም ወደ ኮርፉ ተሻገረ። መስበክ ሲሞክር ጠባብ በር ገጠመው፤ ማስተማር ሲጀምር ግን ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ደከመ። በመጨረሻም የኢዮኒያ ደሴቶች ትምህርት ቤቶች ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ፤ በ1837 በኮርፉ ያሳተመው የዘመናዊ ግሪክኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም ይህንኑ ማዕረጉን ተሸክሟል።

በዘመኑ የተስፋፋው ዘዴ የጋራ ማስተማር የሚባለው ነው። አንድ መምህር ብዙ ልጆችን ይይዝና የቀደሙት ተማሪዎች አዲሶቹን ያስጠናሉ፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ፊደል የለየው ልጅ ለጀማሪው ገበታ እንደሚያስቆጥረው ማለት ነው። ዘዴው ርካሽ ነበር፤ መጽሐፍ በማይገኝበትና መምህር በጠፋበት አገር ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ ለማስነበብ አስቻለ። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሚስዮኑ አመጣው ማለት ስሕተት ነው። ዘዴውን በአውሮፓ ተምረው የመጡ የደሴቶቹ ልጆች ነበሩ፤ በየከተማው ትምህርት እንዲስፋፋ የሚጠይቅ ማኅበረሰብም ነበር። በመንግሥት ቢሮና በፍርድ ቤት የሚሠራው ጣልያንኛ ስለነበረ በገዛ ቋንቋው መማር ለተራው ሰው የክብር ጥያቄ ሆኖ ነበር። ግሪክኛ የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ1850ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሚስዮናውያኑ በሕዝቡ ቋንቋ ማሳተማቸውና ማስተማራቸው ሳያስቡት ከሕዝቡ ጥያቄ ጎን አቆማቸው። ተወዳጅ ያደረጋቸው ሥራ ሕዝቡ አስቀድሞ ይፈልገው የነበረ ነገር ነበር።

ሌላው የዘመኑ እንግሊዛዊ ፍሬድሪክ ኖርዝ፣ የጊልፎርድ አምስተኛው ኧርል፣ በዚህ ረገድ ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምር ሰው ነው። ገና ወጣት ሳለ በኮርፉ በምስጢር በኦርቶዶክስ ሥርዓት ተጠምቆ ነበር። በ1824 በኮርፉ የኢዮኒያ አካዳሚን ሲከፍት በዘመናዊው የግሪክ ዓለም የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። መምህራኑን ከግሪኮች መካከል መረጠ፤ ጎበዝ ወጣቶችን በገንዘቡ አውሮፓ ልኮ አስተማረ፤ ተቋሙን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1827 ድረስ፣ ተንከባከበ። ይህ ሰው ሰባኪ አልነበረም፤ ያደረገው ግን ሚስዮኑ ሊያደርገው ያልቻለውን ነው። የሕዝቡን እምነት ተቀብሎ የሕዝቡን ትምህርት አሳደገ። ስሙ ዛሬም በኮርፉ በክብር ይነሣል።

ቫምቫስና የብሉይ ኪዳን ክርክር

የዘመኑ ታላቅ ሥራም ታላቅ ጠብም የተወለደው ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነው። የእንግሊዝና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ወኪል ሄንሪ ሊቭስ፣ ሎውንድስና ኔዎፊጦስ ቫምቫስ ከሌሎች የግሪክ ሊቃውንት ጋር ሆነው ብሉይ ኪዳንን ወደ ዘመናዊ ግሪክኛ የመመለሱን ሥራ በኮርፉ ያዙ። ቫምቫስ በዚያን ጊዜ በኢዮኒያ አካዳሚ ያስተምር ነበር። ይህ ሰው የሚስዮን ቅጥረኛ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የትውልድ ደሴቱ ኪዮስ በ1822 በቱርክ ጦር ታርዳለች፤ በግሪክ የነፃነት ትግል መጀመሪያ ከመሪዎቹ ከዲሜጥሮስ ኢፕሲላንቲስ ጎን ሠርቷል፤ በኋላም በአቴንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኗል። ሕዝቡ ቃሉን በሚገባው ቋንቋ ያንብብ የሚለው እምነቱ ከገዛ ልቡ የመጣ ነው። ትርጉሙ ከ1830ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በክፍል በክፍል ታትሞ ብሉይ ኪዳን በ1840 ተጠናቀቀ።

ተቃውሞው ከንግግር ቋንቋ ፍርሃት ብቻ አልመነጨም። ትርጉሙ የተሠራው ከዕብራይስጡ ነው፤ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ግን ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ የምታነበው የሰባ ሊቃናትን ትርጉም ነው። ለግሪክ ክርስቲያን ሰባ ሊቃናት ቅርስም ሥልጣንም ናቸው፤ በእነርሱ ፋንታ ሌላ መሠረት ማምጣት የቤተ ክርስቲያንን የንባብ ታሪክ ሁሉ እንደ መሻር ይቆጠራል። በዚያ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበሩ በ1820ዎቹ አጋማሽ ከተነሣበት የውስጥ ክርክር በኋላ ዲዩትሮካኖኒካል የሚባሉትን መጻሕፍት ማተም አቁሞ ነበር። መጽሐፈ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበበ ሰሎሞን፣ ሲራክ፣ መቃብያን የሌሉበት መጽሐፍ ቅዱስ ለኦርቶዶክሱ የጎደለ ነው። በ1840 የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዚሁ ደንብ እነዚህን መጻሕፍት ሳይዝ ነው የወጣው፤ ስለዚህ የግሪኮቹ ቅሬታ ከእኛ ሊቃውንት ቅሬታ ሩቅ አይደለም።

በ1835 የግሪክ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ከዕብራይስጥ የተመለሰውን ብሉይ ኪዳን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንደማይቀበል አስታወቀ። በ1836 የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ግሪጎርዮስ ስድስተኛ በፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን፣ በትምህርት ቤቶቻቸውና በመጻሕፍታቸው ላይ ውግዘት የያዘ መልእክት ላኩ። የኢዮኒያ ደሴቶች ቤተ ክርስቲያን በፓትርያርኩ ሥር ስለነበረች ቃሉ በቀጥታ ደሴቶቹን ደረሰ። ሊቁ ቆንስጣንጢኖስ ኢኮኖሞስም በሰባ ሊቃናት ላይ የጻፈውን ባለ አራት ቅጽ ታላቅ ሥራ ከ1844 ጀምሮ አወጣ። አንድ መጽሐፍ በተወገዘ ማግሥት ይህን ያህል ጥናት መውለዱ የክርክሩ መልካም ፍሬ ነው። ከውግዘቱ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1838፣ የሲ.ኤም.ኤስ. ሰዎች ከዓድዋ ተባረሩ፤ በኢዮኒያ ባሕርና በትግራይ ተራሮች የደረሰው ጥርጣሬ አንድ ዓይነት ነበር።

ቅዱሱ፣ ወታደሩና ከፍተኛ ኮሚሽነሩ

የቅዱስ ስጲሪዶን ሥጋ ቁስጥንጥንያ ከወደቀች በኋላ ወደ ኮርፉ እንደመጣ ይነገራል። በዓመት አራት ጊዜ በከተማዋ ጎዳናዎች ይዞራል፦ በሆሳዕና፣ በቀዳም ሥዑር፣ በነሐሴና በኅዳር። እያንዳንዱ ዙር ከወረርሽኝ፣ ከረሃብ ወይም ከቱርክ ከበባ ላዳናቸው ለቅዱሱ የሚቀርብ ምስጋና ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር ይህን በዓል ማክበር ብልህነት እንደሆነ ስለተረዳ ባለሥልጣናቱና ወታደሮቹ በዑደቱ ይሰለፉ ነበር።

ይህ ግን በእንግሊዝ አገር ወንጌላውያን ዘንድ ታላቅ ቁጣ ቀሰቀሰ። ፕሮቴስታንት ወታደር ለአንድ ቅዱስ ሥጋ ክብር እንዲሰጥ ማዘዝ ኅሊናን ማስገደድ ነው አሉ። በማልታ የመድፍ ጦር መኮንን ካፒቴን ቶማስ አቺሰንና ጓደኛው ለካቶሊክ በዓል መድፍ ለመተኮስ ስላመነቱ በ1824 በጦር ፍርድ ቤት ቀርበው ከሠራዊቱ ተሰናብተዋል። የባንዲራውና የሚስዮኑ ጥቅም እንደሚለያይ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም። መንግሥት ጸጥታን ሲሻ ሚስዮናዊው ለውጥን ይሻል፤ በተጋጩ ቁጥር የሚያሸንፈው መንግሥት ነበር።

የግጭቱ ጫፍ በ1841 መጣ። አሜሪካዊው ባፕቲስት ሩፈስ ቡኤል ኮርፉ በደረሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በቅዱስ ስጲሪዶን በዓል ላይ በራሪ ጽሑፍ አደለ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሁከት ተነሣ፤ የሰውየውም ሕይወት አደጋ ላይ ወደቀ። ልጆቻቸውን ወደ ሎውንድስ ትምህርት ቤት የሚልኩት ሰዎችና በቡኤል ላይ የተነሡት ሰዎች የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱን የፈጠረው የቀረበላቸው ነገር ነው። ትምህርት ለልጃቸው የሚጨምር ነገር ነበር። በበዓሉ ቀን የታደለው ወረቀት ግን ከረሃብና ከወረርሽኝ አወጣን የሚሉትን ቅዱስ ሊወስድባቸው የመጣ ሆኖ ታያቸው።

እንግሊዝም በሌላ በኩል ሚስዮኑን በማይረዳ መንገድ የቤተ ክርስቲያንን ቁጣ አባባሰች። በኢዮኒያ አዲስ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ጉዳይ ሲነካ ፓትርያርክ ግሪጎርዮስ ተቃወሙ፤ የእንግሊዝ አምባሳደር በሱልጣኑ ላይ ጫና አድርጎ በ1840 ከመንበራቸው እንዲወርዱ አደረገ። ሚስዮናውያንን ያወገዙት አባት በእንግሊዝ እጅ ሲወርዱ ሕዝቡ ሁለቱን ነገሮች ማያያዙ የማይቀር ነበር። ከዚያም በ1848 እና በ1849 በኬፋሎኒያ የተነሣው አመፅ በስቅላት ሲጨፈለቅ ከተሰቀሉት መካከል ካህን ነበረበት። ቤተ ክርስቲያን ከግሪክ ጋር የመዋሐድ ትግል ቤት ሆነች። በዚህ ሁኔታ ፕሮቴስታንት መሆን ከእምነት ለውጥ አልፎ ወገንን መክዳት መሰለ። የለንደን ሚስዮን ማኅበር በ1840ዎቹ አጋማሽ ሥራውን ሲዘጋ ባፕቲስቶቹም በ1850ዎቹ ተከተሉት። ደሴቶቹ በ1864 ከግሪክ ጋር ተዋሐዱ።

ቆጵሮስ፦ ሁለተኛው ሙከራ

በቆጵሮስ የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ደሴቲቱ ገና በቱርክ እጅ ሳለች ነው። አሜሪካዊው ሎሬንዞ ዋሪነር ፒስ በ1834 ላርናካ ገብቶ ትምህርት ቤቶችን ረዳ፤ ከካህናቱም ጋር በመጀመሪያ በሰላም ኖረ። የፓትርያርኩ ውግዘት ከወጣ በኋላ በሮቹ እየጠበቡ ሄዱ፤ እርሱም በ1839 በዚያው ሞተ፤ ሥራውም ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ።

በ1878 እንግሊዝ ደሴቲቱን ስትረከብ የአስተዳደሩ ጠባይ በኢዮኒያ ከታየው የተለየ አልነበረም። የቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ራስን ችሎ የመተዳደር መብቷ የጸናላት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሊቀ ጳጳሷም በኦቶማን ዘመን የሕዝቡ ዓለማዊ ወኪል ጭምር ነበር። የእንግሊዝ ባለሥልጣናት ይህን ኃይል መንካት አልፈለጉም። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ኦርቶዶክሶችን ወደ ራሷ የማዘዋወር ፖሊሲ አልነበራትም፤ ካህናቷ በዋናነት የእንግሊዝ ነዋሪዎችን ያገለግሉ ነበር። ቄስ ጆሳያ ስፔንሰር የትምህርት ኃላፊ ሲሆን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ትምህርት ቤቶች ለየብቻ በየማኅበረሰባቸው እጅ ቀሩ። ቄስ ፍራንክ ኒውሃም በ1900 በኒቆስያ የመሠረተው የእንግሊዝ ትምህርት ቤትም ዓላማው ለአስተዳደርና ለንግድ የሚሆኑ ወጣቶችን ማሠልጠን ነበር።

ግልጽ የሚስዮን ሥራ የያዘችው የሰሜን አሜሪካ የተሐድሶ ፕሬስቢቴርያን ቤተ ክርስቲያን ናት። ከሶርያ ጣቢያዋ ተነሥታ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ ላርናካ ዘለቀች። በ1908 ዋልተር ማካሮል የላርናካ አሜሪካን አካዳሚን መሠረተ፤ በ1922 ደግሞ በኒቆስያ ለሴቶች ልጆች ተመሳሳይ አካዳሚ ተከፈተ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስ በየዕለቱ ይነበብ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን በብዛት ኦርቶዶክስ፣ ከእነርሱም ጋር አርመንና ቱርክ ነበሩ፤ እምነታቸውን የለወጡትም ጥቂቶች ናቸው። ወላጆች የሚፈልጉት ግልጽ ነበር፦ ጥሩ እንግሊዝኛ፣ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ፣ በወደብና በባንክ ሥራ የሚያስገባ ዕውቀት፣ ጠንካራ ሥነ ምግባር።

ፖለቲካውም የኢዮኒያን መንገድ ተከተለ። በጥቅምት 1931 በተነሣው አመፅ የመንግሥት ቤት ተቃጠለ፤ የኪቲዮንና የኪሬንያ ጳጳሳት ተጋዙ። በጥር 1950 ከግሪክ ጋር ስለ መዋሐድ የተደረገው የሕዝብ ድምፅ አሰጣጥ በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ተካሄደ። ሊቀ ጳጳስ ማካርዮስ ሦስተኛ በ1956 ወደ ሲሼልስ ተጋዙ፤ በ1960 ነፃ የወጣች አገር ፕሬዚዳንት ሆኑ። ቤተ ክርስቲያን የአገር ድምፅ በሆነችበት ዘመን ከርሷ መውጣት እጅግ ከባድ ዋጋ ነበረው፤ ይህን ዋጋ የከፈሉት ጥቂት ወንጌላውያን ቆጵሮሳውያን ለኅሊናቸው ብለው የከፈሉት ስለሆነ ክብር ይገባቸዋል። የላርናካው አካዳሚ ግን ጸንቶ ቆመ፤ በኋላም የገዛ ተማሪዎቹ ተረክበውት ዛሬም ያስተምራል።

ምን ይመዘናል?

ሚስዮኑ በራሱ ሚዛን ሲመዘን ወድቋል። ዓላማው ነፍሳትን ማሸጋገር ወይም ቤተ ክርስቲያኒቱን በራሱ መልክ ማደስ ከሆነ ሁለቱም አልሆኑም። በቅኝ ገዥነት ክስ ብቻ መመዘኑም ግማሽ እውነት ነው። እውነት ነው፣ ያለ እንግሊዝ መርከብና ያለ እንግሊዝ ሕግ ሎውንድስ ኮርፉ ላይ ትምህርት ቤት አይቆጣጠርም ነበር። ነገር ግን ገዥው መንግሥት ሚስዮኑን በጸጥታ ስም አጥብቆ ያዘው፤ የገዥው በደል ሁሉ ደግሞ በሚስዮናዊው ስም ላይ ተጻፈ። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ክስም ሙሉ አይደለም፤ ቫምቫስን የመሰለ ካህን፣ ልጇን የላከች እናት፣ በማኅበሩ የተሳተፈ የአገር ሽማግሌ ሁሉ ተታልለው አልነበረም። የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር።

የሚበልጠው ሚዛን ሕዝቡ ራሱ ምን ጠየቀ የሚለው ነው። ጠየቁ፦ ለልጆቻቸው ፊደል፣ ለሴት ልጆቻቸው ትምህርት፣ በገዛ ቋንቋቸው የታተመ መጽሐፍ፣ ወደ ዓለም የሚያወጣ ዕውቀት። ሚስዮኑ እነዚህን ይዞ ሲመጣ ተቀበሉት፤ ከአገሬው ሊቅ ጋር ጎን ለጎን ሲሠራም ዘላቂ ነገር ወጣ። ቅዱሳናቸውን፣ የአባቶቻቸውን ንባብና በባዕድ ገዥ ሥር አንድ ያደረገቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲነካ ግን መለሱት። ይህ የአላዋቂ ሕዝብ እልኸኝነት ተብሎ በብዙ የሚስዮን ዘገባ ተጽፏል። በእኔ እይታ ግን ብዙ ገዥ የተፈራረቀበት ሕዝብ የሚጠቅመውን ከማይለቀው በጥንቃቄ የለየበት ማስተዋል ነው።

ይህ ማስተዋል ለሁለቱም ወገን ትምህርት አለው። ለሚሰብክ ሰው፣ የሌላውን እምነት እንደ ባዶ ቤት ቆጥሮ መግባት በሩን ከማዘጋት ሌላ ትርፍ የለውም። እምነቱን ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ፣ ሕዝቡ ከውጭ ሰው ትምህርት የፈለገው በቤቱ ስላላገኘው ነበርና፣ ውግዘት ብቻውን አይበቃም፤ ለሴት ልጅ ትምህርት ቤት መክፈትና ቃሉን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ማስተማር የራሷ የቤተ ክርስቲያን ሥራ መሆን ነበረበት። ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ባላት አገር ሁሉ፣ የእኛንም አገር ጨምሮ፣ የሚስዮንን ታሪክ የሚያጠና ሰው ስንት ሰው ተለወጠ ከሚለው ቁጥር ይልቅ ሕዝቡ ምን ፈልጎ ወደዚያ በር እንደሄደ መጠየቅ አለበት። መልሱ የሚገኘው በዚያ ነው።